«ጥንድ ግማሽ ጨዋታ ነው» ትላለች እናቴ

ጥያቄ፦

ሰላም ለእናንተ። 24 ዓመቴ ነው። በዘጠኝ ዓመቴ ከእናቴና ከታላቅ እህቴ ጋር ከአዲስ አበባ ወደ ሜሪላንድ መጣሁ፤ አማርኛዬ ቢወላገድ ይቅርታ። ሜዳ ቴኒስ የጀመርኩት እዚሁ በሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ነው። በስኮላርሺፕ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በአካውንቲንግ ተመረቅሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ ፕሮፌሽናል ሆኜ እየዞርኩ እጫወታለሁ። የዓለም ደረጃዬ በነጠላ (አንድ ለአንድ) 640፣ በጥንድ (ሁለት ለሁለት) 260 አካባቢ ነው። ባለፈው ዓመት በጥንድ ሰባት ትንንሽ ዋንጫ በልተናል፤ በነጠላ ግን ከሩብ ፍጻሜ አላለፍኩም።

ተጣማሪዬ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነው። አንድ ክፍል ተጋርተን ነው የኖርነው። በጥንድ ደረጃው 310 ገደማ ነው። ባለፈው ወር ግን አንድ የ33 ዓመት ተጫዋች፣ በጥንድ 130 አካባቢ ያለ፣ ጠራኝና «ቻሌንጀር (ከትንንሾቹ ውድድሮች በላይ ያለውን እርከን) ብቻ እየመረጥን አብረን እንጫወት። ነጠላውን ግን ተወው፤ ማክሰኞ ላይ እግሩ የዛለ ተጣማሪ አልፈልግም» አለኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ይፈልጋል። ሌላም ነገር አለ፤ እሱም እኔም ሰርቭ (ጨዋታውን የሚከፍተውን ምት) መቀበል የለመድነው በግራ ጎን ነው።

እናቴ ሌሊት ሌሊት በአረጋውያን መጦሪያ እየሠራች ነው ያሳደገችን። የቴኒስ ተጫዋቹ ፍራንሲስ ቲያፎ እዚሁ እኛ አካባቢ ያደገ የስደተኞች ልጅ ስለሆነ እሱን በቴሌቪዥን ባየች ቁጥር እኔን ታስባለች። ነጠላውን ልተው ነው ስላት «ጥንድ ግማሽ ጨዋታ ነው። እኔ ግማሽ ልጅ አላሳደግሁም» አለችኝ። ያጠራቀምኩት 21,000 ዶላር አለኝ። ሁለቱንም እየተጫወትኩ ልቀጥል? ጥንዱን ብቻ ልያዝ? ወይስ ሁሉንም ትቼ በዲግሪዬ ሥራ ልግባ?

ሁለት ልብ የሆነው፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦

ወንድሜ፣ አማርኛህ ምንም አልሆነም። ይልቅ የእናትህን ንግግር እንዳለ ስላሰፈርክልን ደስ ብሎናል፤ ወደ እሳቸው እመለሳለሁ።

«ሁለቱንም እየተጫወትኩ ልቀጥል?» ካልከው ልጀምር። ዩኒቨርሲቲ እያለህ ነጠላውም ጥንዱም በአንድ ግቢ፣ በአንድ ከሰዓት ያልቅ ነበር። አሁን አንድ ተጫዋች በአንድ ሳምንት አንድ ውድድር ላይ ብቻ ነው የሚጫወተው። በነጠላ 640 የሆነ ሰው ቦታው የፕሮፌሽናል ውድድር ዝቅተኛ እርከን የሆነው ኤም 15 ነው፤ ሲቀናው ከሱ ከፍ ያለው ኤም 25። በጥንድ 260 የሆነ ሰው ግን ደህና ተጣማሪ ካገኘ ቻሌንጀር ደጃፍ ላይ ቆሟል። እና በአንዱ ሰኞ ነጠላህ «ና ወደ ሞናስቲር፣ ቱኒዚያ» ሲልህ ጥንድህ «ና ወደ ሰሜን ካሮላይና» ይልሃል። ነጠላህን ተከትለህ ሞናስቲር ከሄድክ ጥንዱን እዚያው በዝቅተኛው ነጥብ ትጫወታለህ። ቻሌንጀሩን ከመረጥክ ደግሞ በነጠላ ማጣሪያው እንኳ ላያስገባህ ይችላል። እስካሁን ሁለቱን አንድ ላይ መግፋት የቻልከው ሁለቱም ደረጃዎችህ ዝቅተኛ ስለነበሩ ነው። አሁን አንደኛው ቀድሞ ወጣ፤ ግራ የገባህም በዚህ ይመስለኛል። ጥፋት አድርገህ አትየው።

ነጥቡን እንደ ሒሳብ ሰው እየው። ኤም 15 አሸናፊ 15 ነጥብ፣ ኤም 25 አሸናፊ 25፣ ከቻሌንጀሮች ዝቅተኛው 50 ያገኛል፤ ከዚያ በላይ 75፣ 100፣ 125 እያለ ይሄዳል። በጥንድ ገንዘቡ ለሁለት ይካፈላል፣ ነጥቡ ግን አይካፈልም፤ እያንዳንዳችሁ ሙሉውን ትወስዳላችሁ። አንድ ቻሌንጀር 50 ማሸነፍ ሁለት ኤም 25 ከማሸነፍ ጋር እኩል ነው ማለት ነው፣ ያውም ባንድ ሳምንት ሆቴል። ጥንድ ወደ ውድድር የሚገባው በሁለቱ ሰዎች ደረጃ ድምር መሆኑን ታውቃለህ። ከጓደኛህ ጋር ድምራችሁ 570 ነው፤ ከዚህ ሰው ጋር 390። ቻሌንጀር ጥንድ ውስጥ የሚገቡት 16 ጥንዶች ብቻ ናቸው። 570 ይዞ የሚገባበት ሳምንት አለ፣ ግን እየጸለይክ ነው። በ390 በትንንሾቹ ቻሌንጀሮች ብዙውን ሳምንት ትገባለህ። የእኔን ግምት አትመን፤ ልትሄድባቸው የምታስባቸውን አሥር ቻሌንጀሮች ምረጥና ባለፈው ዓመት በእያንዳንዳቸው መጨረሻ ላይ የገባው ጥንድ ድምር ስንት እንደነበር ጻፍ። የአንድ ምሽት ሥራ ነው፣ መልስህን ከመስጠትህ በፊት ቢያልቅ ደግ ነው።

ወደዚያ የሚወስደው መንገድ አበባ የተነጠፈበት አይደለም። በቻሌንጀር ጥንድ በመጀመሪያው ዙር ከወደቅህ ነጥብ የለህም። ባለፈው ዓመት ያመጣሃቸው ሰባት ዋንጫዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው በ52ኛው ሳምንት ከደረጃህ ላይ ይረግፋሉ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የተሻለ ቴኒስ እየተጫወትክ ደረጃህ ሊወርድ ይችላል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ደንግጦ ወደ ኤም 15 ይመለስና «አልሆነልኝም» ይላል። የትኛው ዋንጫ በየትኛው ሳምንት እንደሚረግፍ ከአሁኑ በቀን መቁጠሪያ ላይ አስፍር። ያን ጊዜ ውድቀቱ ሳይታሰብ አይመጣብህም።

ገንዘቡን በተመለከተ እናትህ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። በኤም 15 የነጠላ አሸናፊ 2,160 ዶላር ገደማ ሲያገኝ የጥንድ አሸናፊዎች ለሁለት 930 ገደማ ይካፈላሉ፤ አንተ 465 ይዘህ ትወጣለህ፣ የውድድሩ አገር ግብር ሳይቀነስ። ላይ ቤትም ያው ነው። በ2025 በዊምብልደን የነጠላ ሻምፒዮን 3 ሚሊዮን ፓውንድ ሲወስድ የጥንድ ሻምፒዮኖች ለሁለት 680,000 ፓውንድ ነበር የተመደበላቸው። በዋናው የጥንድ ድልድል በመጀመሪያው ዙር የተሸነፉት ለሁለት 16,500፣ ለአንድ ሰው 8,250 ፓውንድ ደረሳቸው። በዚያው ዓመት በነጠላ ማጣሪያ፣ ገና ዋናው ሜዳ ሳይረግጥ፣ በመጀመሪያው ዙር የወደቀው 15,500 ፓውንድ አግኝቷል። የወንዶች ፕሮፌሽናል ቴኒስ ማኅበር የሆነው ኤቲፒ በ2024 የጀመረው የዝቅተኛ ገቢ ዋስትናም በነጠላ እስከ 250 ያሉትን ነው የሚያየው፤ ጥንድ ብቻ የሚጫወት ሰው በዚያ ጥላ ሥር የለም። እንግዲህ በጥንድ ኑሮ የሚገፋው ሰው በግራንድ ስላሞቹ (በአራቱ ታላላቅ ውድድሮች) 64 ጥንዶች ውስጥ በየጊዜው የሚገባው ነው፤ ለዚያ እያንዳንዱ ተጣማሪ በግምት ሰባዎቹ ውስጥ ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ከ260 እስከዚያ ያለው ሜዳ ሰፊ ነው።

«ግማሽ ጨዋታ» የሚለው ግን አይገጥምም። ራጂቭ ራም የሚባል አሜሪካዊ በነጠላ ከ56ኛ በላይ አልወጣም። የመጀመሪያውን የወንዶች ጥንድ ግራንድ ስላም በአውስትራሊያ ያነሳው በ2020፣ በ35 ዓመቱ ነው። ከዚያ ከጆ ሳሊስበሪ ጋር የአሜሪካን ኦፕን ከ2021 እስከ 2023 ሦስት ጊዜ በተከታታይ በላ፤ በጥንድ የዓለም አንደኛ ሲሆን 38 ዓመቱ ነበር። ሄንሪ ፓተንን ደግሞ ተመልከት፤ በአሜሪካ ኮሌጅ፣ በኖርዝ ካሮላይና አሽቪል፣ እንዳንተው ተምሮ የወጣ እንግሊዛዊ ነው። በ2024 ከፊንላንዳዊው ሃሪ ሄሊዮቫራ ጋር በተጣመሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ዊምብልደንን ወሰዱ። በ2025 የዊምብልደንን ጥንድ የበሉት ጁልያን ካሽና ሎይድ ግላስፑልም ሁለቱም ከአሜሪካ ኮሌጅ ቴኒስ የወጡ ናቸው። ይህን የምነግርህ እንደነሱ ትሆናለህ ብዬ አይደለም፤ ከነዚህ ጋር የጀመሩና ስማቸው የማይታወቅ ብዙ ናቸው። ኮሌጅ ለጥንድ እንደሚያሠለጥን፣ በጥንድም 24 ዓመት ገና ለጋ ዕድሜ መሆኑን እንድታይ ብቻ ነው።

አሁን እኔ ልጠይቅህ፣ መልሱን ለራስህ ያዘው። ማክሰኞ በነጠላ ተሸንፈህ ሐሙስ በጥንድ ካሸነፍክ በዚያ ሐሙስ ምሽት ምን ይሰማሃል? ደስታ ነው ወይስ መጽናኛ? በነጠላ ስትሸነፍ የሚቆጭህ ያ የተሳተ ፎርሃንድ ነው ወይስ ለእናትህ ስልክ መደወሉ? ልምምድ ላይ ማንም ሳያዝህ ቀድመህ የምትሠራው ምንድን ነው፣ ከኋላ መስመር ሆነህ መመላለስ ወይስ መረብ ላይ ቮሊ (ኳሱን መሬት ሳይነካ መምታት)? በደብዳቤህ ስለ ነጠላ ስትጽፍ ከሩብ ፍጻሜ አለማለፍህን ነው ያነሳኸው። ስለ ጥንድ ስትጽፍ ግን «በልተናል» ብለሃል። ከዚህች ቃል ብዙ ላውጣ አልልም፤ አንተ ግን ልብ በላት።

የሰውየውን ግብዣ እንዳለ አትቀበል፣ ጨርሰህም አትመልሰው። እሱ የሚፈራው ማክሰኞ የደከመ እግር ነው፤ ፍርሃቱ ልክ ነው። በቻሌንጀር የነጠላ ማጣሪያ እሑድና ሰኞ ይካሄዳል፣ ጥንዱ ወዲያው ይከተላል። እንዲህ በለው፦ «አብረን በምንገባበት ሳምንት ነጠላ አልመዘገብም። አንተ በምታርፍበት ሳምንት ግን ኤም 25 ሄጄ ነጠላዬን እጫወታለሁ።» የ33 ዓመት ሰው በወር አንድ ሳምንት ማረፉ አይቀርም። ለኤም 15 እና ኤም 25 ምዝገባው የሚዘጋው ከውድድሩ ሰኞ 18 ቀን ቀድሞ፣ ሐሙስ በግሪንዊች 14 ሰዓት ነው፤ ያለ ቅጣት መውጣት የሚቻለው እስከሚቀጥለው ማክሰኞ፣ ከውድድሩ 13 ቀን እስኪቀር ነው። ስለዚህ የዕረፍት ሳምንቱን ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ሊነግርህ ይገባል። ይህን በውላችሁ ውስጥ አስገባው። ነጠላው እንዲህ በአራት በአምስት ሳምንት አንዴ ሲሆን ደረጃህ ይወርዳል፣ እጅህ ግን አይሞትም።

ውል ስልህ ወረቀትና ጠበቃ ማለቴ አይደለም። በቴክስት የተጻፈ ስምንት አሥር መስመር ይበቃል። ስንት ሳምንት አብራችሁ ናችሁ? አንዱ ቢጎዳ ሌላው ስንት ሳምንት ይጠብቃል? ከፍ ያለ ውድድር መጥቶ ከሌላ ሰው ጋር ቢገባ፣ እሱ ይሂድ ወይስ ይቅር? በዚህ ላይ ነው ጥንዶች የሚጣሉት። እሱ 130 ስለሆነ ከ90ኛ ሰው ጋር ተጣምሮ ትልቅ ውድድር የሚገባበት ዕድል ይመጣለታል፤ ያኔ አንተ ትኬት ገዝተህ ሜዳ ዳር ትቀራለህ። «ትኬት ከተቆረጠ በኋላ የሚሄድ ሰው የሌላውን ትኬት ይከፍላል» የሚል አንድ መስመር ብዙ ቂም ያስቀራል። አሠልጣኝ አብራችሁ ትይዛላችሁ ወይ የሚለውንም ጠይቀው። ክፍያውን ለሁለት መካፈል ከጥንድ ጥቂት ጥቅሞች አንዱ ነው።

የግራ ጎኑን ጉዳይ እንደ ትንሽ ነገር ጠቅሰኸዋል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የምፈትነው እሱን ነው። ታላቁ እሱ ነውና ግራው ላይ ይቆያል፤ አንተ ወደ ቀኝ ትሄዳለህ። ቀኝ እጅህን የምትጠቀም ከሆንክ በቀኝ ጎን ስትቀበል መሀል ለመሀል የሚመጣው ሰርቭ በባክሃንድህ (በእጅህ ጀርባ በኩል በምትመታው) ላይ ይወድቃል፤ ያንን ኳስ መረብ ላይ ከቆመው ሰው አርቀህ፣ ወደ ሰርቨሩ እግር አግድም መመለስ ቀላል አይደለም። ግራ ጎን የለመደ ሰው እጁ ዘግይቶ ኳሱ መሀል ላይ ይንሳፈፍና መረብ ላይ ያለው ሰው ይገድለዋል። ከመልስህ በፊት አንድ ቀን ፈልጉና አብራችሁ ሦስት ሴት (set፣ የግጥሚያው አንድ ክፍል) ተጫወቱ። አንድ ሰው ቆሞ ይቁጠርልህ፦ ከቀኝ ጎን ከተቀበልካቸው ሰርቮች ስንቱ ከመረብ ሰው አምልጦ ዝቅ ብሎ ተመለሰ? ከአሥሩ ስድስት ከሆነ በሁለት ወር ልምምድ ይስተካከላል። ሦስት ከሆነ በግልጽ ተነጋገሩበት፤ ምናልባት እሱ ጎን ይቀይር።

ልምምድህም መልኩን መቀየር አለበት። የነጠላ ልማድ በጥንድ ላይ የሚጎዳው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ሰርቭ ነው፤ በነጠላ ሰውን ወደ ጎን የሚያስወጣው ሰፊ ሰርቭ ጌጥህ ነበር፣ በጥንድ ግን ተቀባዩ በተጣማሪህ አጠገብ መስመሩን ይዞ እንዲያሳልፍ ማዕዘን ይከፍትለታል። መሀል ለመሀልና አካል ላይ አዘውትር፣ የመጀመሪያ ሰርቭህም ከመቶ 65 በላይ ይግባ፤ ፍጥነት ቀንስና አስገባ። ሁለተኛው፣ ከፍ አድርጎ በጥልቀት የመመለስ ልማድ ነው። በነጠላ ጊዜ ይገዛልሃል፣ በጥንድ ለመረብ ሰው ስጦታ ነው። በሳምንት አራት ጊዜ 90 ደቂቃ ያዝ። 30ውን ደቂቃ ሰርቭና የመጀመሪያ ቮሊ፣ ወደ 60 ኳስ፤ ተጣማሪህ መሀል ላይ ተጎንብሶ ከጀርባው በጣት ምልክት የሚሰጥበትን አሰላለፍም በዚሁ ሥሩ። 30ውን ከቀኝ ጎን ሰርቭ መመለስ ብቻ። የቀረውን እስከ 10 ነጥብ የሚሄድ ታይብሬክ (ማለያያ) ሦስት ጊዜ። ከግራንድ ስላም ውጭ ሦስተኛው ሴት በዚያ ነው የሚተካው፣ 40 እኩል ሲሆንም አንዲት ነጥብ ጌሙን ትወስናለች፤ ያቺን ነጥብ በየትኛው ጎን እንደምትቀበሉ የምትመርጡት እናንተ ተቀባዮቹ ናችሁ። ማን እንደሚቀበላት ከጨዋታ በፊት ተስማሙ፣ ሜዳ ላይ መተያየት ዋጋ የለውም።

አሁን 21,000ውን እናምጣው። አምስት ሺውን አትንካው። ያ የጉዳት፣ የጥርስ ሕመምና የመጨረሻ ትኬት ገንዘብ ነው። 16,000 ቀረ። ክፍል ተጋርታችሁ፣ በረራውን፣ ምግቡንና የራኬት ገመዱን ጨምረህ ሳምንቱን በአማካይ 1,150 ዶላር ብንይዘው ወደ 14 የውድድር ሳምንት ነው። 14ቱን በስድስት ወር ውስጥ አስቀምጥ፤ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በተከታታይ፣ ከዚያ ቤት። በአንድ አካባቢ ያሉ ውድድሮችን ካልሰበሰብክ በረራው ብቻውን ይበላሃል። አውሮፓ ከሄድክ የአሜሪካ ፓስፖርትህ በሸንገን አገሮች የሚያስቆይህ በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው፤ የቱርክ አንታልያም ሞናስቲርም ከዚያ ቆጠራ ውጭ ናቸው። ስለ ሆቴልና ስለ ምግብ እያንዳንዱ ውድድር የሚያወጣውን መረጃ አንብብ፤ ለነጠላ ተጫዋች የሚሰጠው ለጥንድ ተጫዋች ላይሰጥ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ወጣት አሜሪካዊ ዘግይቶ ነው የሚያውቀው። በጀርመን በበጋ የክለብ ሊግ አለ። ከላይኛው ሊግ በታች ባሉት አንድ ግጥሚያ ስድስት ነጠላና ሦስት ጥንድ ነው፣ ክለቦቹም ለግጥሚያ ይከፍላሉ። ሁለቱንም የሚጫወት ሰው ይፈልጋሉ፤ አንተ ደግሞ ያው ነህ። አብዛኛው ግጥሚያ ቅዳሜና እሑድ ስለሚሆን በመሀል ሳምንቱ ልምምድ ታገኛለህ። የሚቀጥለውን በጋ ሊያስይዙህ የሚፈልጉ ክለቦች ቀደም ብለው ነው ቡድን የሚሠሩት፤ በኮሌጅ አብረውህ የተጫወቱ ጀርመኖች ካሉ ዛሬውኑ ጻፍላቸው።

በሰባተኛው ሳምንት ቁጭ በሉ። ያን ጊዜ ደረጃ አትዩ። ስንት ውድድር ገባን፣ ስንት የመጀመሪያ ዙር አለፍን፣ ከ10 ነጥብ ታይብሬኮች ስንቱን ወሰድን? በ14ኛው ሳምንት ግን ደረጃ ይታይ፤ በጥንድ ከ200 ውስጥ ገብተህ ከሆነ መንገዱ እየሠራ ነው። ከ260 በታች ወርደህ ከሆነ፣ ያውም ባለመጎዳት፣ ያን ጊዜ ስለ ዲግሪህ እናወራለን። እርግጥ ነው ዲግሪው እስከዚያ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። አሜሪካ ውስጥ ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ኤፕሪል 15 የግብር ወቅት ነው፣ ቢሮዎች ጊዜያዊ ሰው ይቀጥራሉ። የራስህንም ደረሰኝ ከአሁኑ ሰብስብ፤ በራሱ ሥራ የሚያድር ሰው ነህና ትኬቱ፣ ሆቴሉ፣ ገመዱ ሁሉ ወጪህ ነው፤ እሱን ላንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ጓደኛህን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰማው። በዚህ ሙያ ተጣማሪ መቀየር የተለመደ ነው፣ ማንንም አያስቀይምም ይባላል። ያስቀይማል። የሚያስቀይመው ግን መቀየሩ ብቻ ሳይሆን የመግቢያ ዝርዝር ላይ ስምህን ከሌላ ሰው ስም ጋር አይቶ ማወቁ ነው። ስልክ ደውልለት፣ ቴክስት አትጻፍ። የተመዘገባችሁባቸው ውድድሮች ካሉ እነሱን ጨርስለት። ምናልባት እሱም ነጠላውን ሊያጠብቅ ፈልጎ አንተን ፈርቶ ዝም ብሎ ይሆናል፤ ጠይቀው። አንተ ኤም 25 በምትሄድባቸው በእነዚያ የዕረፍት ሳምንታት ደግሞ ማን ጋር ነው ጥንድ የምትጫወተው? ከሱ ጋር ነው።

አሁን እናትህ። «ግማሽ ልጅ አላሳደግሁም» ያሉ እናት ስለ ቴኒስ እየተናገሩ አይመስለኝም። በሌሊት ፈረቃ ያለፈው ዕድሜ ቦታ አግኝቶ እንዲያዩት ነው የፈለጉት። ቲያፎን ሲያዩ የሚያዩት ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ስም ነው፤ የጥንድ ተጫዋች በቴሌቪዥን ብዙም አይታይም፣ ለጎረቤትም ማስረዳት ያስቸግራል። ይህ ሐዘን የሳቸው ነው፣ አንተ በክርክር አታስወግደውም። ስለ ራም ታሪክ ብትነግራቸው ራምን አያውቁትም። ከዚያ ይልቅ ፈረቃ የሌለባቸውን ቀን ጠይቀህ ቡና ሲፈላ የምታስበውን ወረቀት ይዘህ ተቀመጥ። 5,000ው እንደማይነካ፣ 14ኛው ሳምንት መቼ እንደሚውል ቀኑን ጽፈህ አሳያቸው። የሳቸውን ገንዘብ እንደማትጠይቅ ንገራቸው። ነጠላውን እንዳልቀበርከው፣ በየትኞቹ ሳምንታት እንደምትጫወተው አሳይ። ከዚያ ዝም በልና ይናገሩ። ቢያለቅሱ ያልቅሱ። ምናልባት እህትህ ከጎንህ ብትቀመጥ ይሻላል፣ አንተን ለማገዝ ሳይሆን እናትህ ብቻቸውን እንዳይሆኑ።

አንድ ነገር ደግሞ፤ ጥንድ ስትጫወት በአካል አይተውህ ያውቃሉ? በጁላይ መጨረሻ አካባቢ ዋሽንግተን ሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ ትልቁ የኤቲፒ ውድድር ይካሄዳል፣ ለናንተ በመኪና ቅርብ ነው። በሥራ ቀን ጠዋት ወይም ከሰዓት የጥንድ ጨዋታ በሚካሄድበት ትንሹ ሜዳ ዳር፣ ከመረቡ ጥቂት ሜትር ርቀት ላይ አስቀምጣቸው። አራት ሰው በአንድ ሰርቪስ ሳጥን ዙሪያ ኳሷን መሬት ሳያስነኩ ሲቀባበሏት ከቅርብ ያየ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ይለወጣል። ምን እንዳሉ ጻፍልን።

እስከዚያው ያሉህ ሁለት ሳምንታት ናቸው። ዛሬ ማታ የአሥሩን ቻሌንጀሮች ዝርዝር ሥራ። ነገ ለጓደኛህ ደውል። በዚህ ሳምንት መጨረሻ ከሰውየው ጋር ሦስቱን ሴት ተጫወት፣ አንተ በቀኝ ጎን፣ እህትህ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ሜዳ ዳር።